ትሪው ያላየው እጅ

ሥራዬ የሰው ቁርስ ማንበብ ነው። በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል የመቶ አሥራ ሁለት ቤት ትሪ የመዘገበው የእጅ እንቅስቃሴ ሰሌዳዬ ላይ ይከፈታል። የማን እጅ እንደፈጠነ፣ የማን እጅ እንደዘገየ እያየሁ የራሴን ቁርስ እበላለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በአያቶቻችን ዘመን ይህ ሥራ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ መምከር ነበር ይባላል። እኔ ከቤቴ ሳልወጣ የሰፈሩን ጣት ሁሉ አውቀዋለሁ።

እንዲህ ስል ክፉ እመስላለሁ። ክፉ አይደለሁም፤ ወሬኛ ግን ነኝ፣ ሥራው ያደርጋል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ከጎረቤት ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። የተኳረፉ ሰዎች ትሪውን ለሁለት ይከፍሉታል፣ መሀሉ ላይ ማንም የማይነካው ድንበር ይቀራል። ሲታረቁ ድንበሩ መፍረስ የሚጀምረው ሁልጊዜ ወጡ ባለበት በኩል ነው።

ትሪው የተሠራው ግን ለኩርፊያ አይደለም። የሚፈልገው ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲቆርስ፣ ሲጠቀልል፣ ወደ አፉ ሲያነሳ የሚያሳያትን ትንሽ መዘግየት ነው። ባለቤቱ አያውቃትም፣ ሚስቱ አታያትም፣ ሐኪም አጠገቡ ቢቀመጥም አይለያትም። ያቺ መዘግየት ከተገኘች ጭንቅላት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ከልክ በላይ እየሠራ፣ እጅን የሚያዙትን ሕዋሶች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨረሰ ነው ማለት ነው። ድሮ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነበር አሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሕዋሶቹ አብዛኞቹ አልቀዋል። አሁን ኢንዛይሙን ይዞ የሚያቆም ኪኒን አለ። ረጅም የፈረንጅ ስም አለው፤ እኛ ልጓም እንለዋለን።

ልጓም የሞተውን አያስነሳም፣ ያለውን ይጠብቃል። ያውም ከሕዋሶቹ ከመቶ አርባው በሕይወት ካለ ነው። ከአርባ በታች ለወረደ ሰው ምንም ስለማይጠቅመው አይሰጠውም። ይህን ቁጥር ሰፈሩ መስመሩ ይለዋል፤ እገሌ መስመሩን አለፈ የሚባለው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ከመስመሩ በላይ ሆኖ የጀመረ ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን በየጠዋቱ ይውጣል፣ ምንም አይሆንም። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ምንም ባለመሆን። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራዬ ስለ ልጓም ያመሰገነኝ ሰው የለም፣ የሚያማርር ግን ሞልቷል።

እኔም እውጣለሁ። የተገኘሁት ከአምስት ዓመት በፊት፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምበላው ብቻዬን ስለሆነ ትሪዬ ላይ ከእኔ እጅ ሌላ እጅ የለም። ለማግኘት ሦስት ሳምንት አልፈጀበትም። ከመቶ ሰባ አራት ይዤ ጀመርኩ፣ ሰባ አራት ላይ ቆሜያለሁ። አለቃዬ በየዓመቱ የሚያወጣው ዘገባ ላይ አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ ብቻቸውን የሚበሉ ሰዎች ቶሎ ይገኛሉ፣ ብዙ ሰው ባለበት ቤት የሚኖሩ ይዘገያሉ ይላል። ከሥሩ ምክንያቱ አልታወቀም ተብሎ ተጽፏል። በየዓመቱ አነብበው ነበር፣ ለእኔም አልታወቀኝም ነበር።

አሁን ስለ ጋሽ አስናቀ ልናገር። ጋሽ አስናቀ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ደሴ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው በላይ ካለው ዳገት ላይ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያላት ሱቅ አለቻቸው። ጢም የሚላጭ ማሽን በየቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ዘመን ወደሳቸው የሚኬደው ለወግ ነው፤ ሙሽራ በማሽን አይላጭም። ከእኛ ሰፈር የተዳረ ወንድ ሁሉ በሠርጉ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ተንጋሎ፣ አንገቱን ለጋሽ አስናቀ ምላጭ ሰጥቷል። የቀድሞ ባሌም እዚያው ነው የተላጨው፤ ያ የጋሽ አስናቀ ጥፋት አይደለም።

እንግዲህ ልጓም የጀመረ ሰው መጠኑ እስኪስተካከልለት ድረስ ስድስት ወር ምላጭ፣ ቢላዋና የመኪና መሪ አይነካም። ደንቡ ይህ ነው። ለአስተማሪ ምንም አይደለም፣ ለፀጉር አስተካካይ ግን ሱቁ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገር ሁሉ ያነብበዋል።

የጋሽ አስናቀ ቤት በእኔ መዝገብ ስልሳ ሰባተኛ ነው። ሦስት ሰዎች ይበሉበታል፤ እሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ውባለምና የሃያ ስድስት ዓመቷ ልጃቸው ሐመልማል። በ2083 መስከረም ላይ የጋሽ አስናቀ እጅ በአንድ ቁርስ አርባ አንድ ጊዜ ትሪው ላይ ያርፍ ነበር። በኅዳር ሃያ ሁለት ሆነ። በጥር ዘጠኝ። ሰሌዳው ግን አረንጓዴ ነው፣ ምክንያቱም ዘጠኙ ሁሉ ከትሪው ጠርዝ፣ ከፊታቸው የተነሱ ትንንሽ ቁራሾች ናቸው፤ ለእነሱ የሚዘገይ እጅ የለም። ሆዳቸውን አሟቸው ይሆናል ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቃቸው ሄድኩ።

በር ላይ እንደደረስኩ ቁርስ ቀርቦ ነበር። አልበላም ብል ማን ሰምቶኝ። እትዬ ውባለም ክንዴን ይዘው ከጋሽ አስናቀ ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። የቋንጣ ፍርፍር ነበር፣ ጥሩ አድርገው የሠሩት። ገና ቢስሚላህ ሳይባል፣ ማለት ገና እጄን ሳላስገባ፣ እትዬ ውባለም ጠቀለሉና ባላቸውን አጎረሱ። ቀጥላ ሐመልማል አጎረሰች። እንደገና እትዬ። ጋሽ አስናቀ ስለ ዘንድሮ ዝናብ እያወሩ ይጎርሳሉ፣ ያላምጣሉ፣ ያወራሉ። እንግዳ ፊት ትንሽ በዛ ብዬ በልቤ ሳቅኩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ መሆኑን አየሁ። ጋቢው ደግሞ እንደ ውሃ ፊት ይርገበገብ ነበር።

እኔ ማየቴን እትዬ ውባለም አዩ። የያዙትን ቁራሽ ይዘው ቆሙ። ሐመልማል አቀረቀረች። ጋሽ አስናቀ የዝናቡን ወሬ አቋርጠው አፋቸውን በትንሹ ከፍተው ቀሩ፣ ጉርሻ እንደሚጠብቅ ሰው ሳይሆን ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ሥራዬ እሱ ነው፣ የተማርኩትም የምከበርበትም እሱ ነው። ነገር ግን ቤታቸው ተቀምጬ፣ ከማዕዳቸው ቀርቤ፣ በሚስታቸውና በልጃቸው ፊት እርስዎ ታመዋል ማለት አፌ እምቢ አለ። እጄ ቀደመኝ። ቆረስኩ፣ ቋንጣ መርጬ ጠቀለልኩና ጋሽ አስናቀን አጎረስኳቸው። ሁለተኛም ደገምኩ። እትዬ ውባለም ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወሬው ወደ ዝናቡ ተመለሰ።

ቤቴ ገብቼ መዝገቡ ላይ "ጤናማ፤ የምግብ ፍላጎት ቀንሷል" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ ስልሳ ሰባተኛውን ቤት በጥድፊያ አልፈው ነበር። ለራሴ የምለው አላጣሁም፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ራሳቸው ያውቁታል፣ ከእኔ ሚስታቸው ይቀርባቸዋል። ይሉኝታ ይባላል ይሄ፣ ስሙ ሲጠራ ያምራል። እውነቱን ለመናገር ፈሪ ነበርኩ።

በግንቦት አለቃዬ የዓመቱን መዝገብ እንዳጠራ ላከልኝ። ባለቤታቸው ያልታወቁ እጆች በየትሪው ላይ አሉ፤ የእንግዶች እጅ ናቸው፣ የማን እንደሆኑ እየተጣራ ይፈረምባቸዋል። ቤት ስልሳ ሰባት፣ ጥር፣ ቅዳሜ፤ አንድ ያልታወቀ እጅ። ሁለት ጊዜ አነሳ፣ ሁለቱም ወደ ራሱ አፍ አልሄዱም ይላል። እጁ የእኔ ነው። በስሜ ፈረምኩበት።

ከፈረምኩ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሌሎቹን ቤቶች በዚያው ዓይን ማየት ጀመርኩ። ዘግይተው የተገኙትን ሰዎች የድሮ ቁርስ አንድ በአንድ ከፈትኩ። በሁሉም ቤት ነገሩ አንድ ነው፤ የታማሚው እጅ እየቀነሰ ይሄዳል፣ የሌሎቹ እጅ ከሚበሉት በላይ ያነሳል። ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ የልጅ ሚስት። አንዳቸውም ሐሳቡን ከሌላው አልሰሙም፣ በየቤቱ ለብቻ የተፈለሰፈ ነው። የምንወደውን ሰው ከትሪው ደብቀን፣ በአፉ እያጎረስን፣ ወደ መስመሩ ስንሸኘው ኖረናል። የአለቃዬ ሰንጠረዥ ምክንያቱ ታወቀኝ። ሰሌዳዬ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም።

በማግስቱ ከቀትር በፊት የጋሽ አስናቀ ሱቅ ሄድኩ። ፀጉሬ አጭር ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ማጅራቴን እንዲያስተካክሉልኝ ጠየቅሁ፣ በምላጭ። በማሽን ይበቃል አሉ። በምላጭ ነው የምፈልገው አልኳቸው። በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ አስተዋሉኝ። ከዚያ ፎጣ ደረቡልኝ፣ መሳቢያውን ከፈቱ፣ ምላጯን አወጡና ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቆዳ ሳሏት። ስለቱ ሲመላለስ ድምፁ ወጥ አልነበረም።

ከኋላዬ ቆሙ። ማጅራቴ ላይ ሳሙናው ሲቀዘቅዝ ይሰማኛል። በመስታወቱ ቀኝ እጃቸውን አየሁት፤ ምላጯን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረዋታል፣ ባዶው ቀኝ እጅ ወገባቸው አጠገብ ተንጠልጥሎ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ይፋተጋሉ። ቢሞክሩ ኖሮ አንገቴን አላነሳም ነበር፤ እንዲህ ለማለት አሁን ቀላል ነው።

"አልችልም ልጄ" አሉ።

ምላጯን አጥፈው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። ከኅዳር ጀምሮ የሰው አንገት አጠገብ እንዳላደረሷት ነገሩኝ። ሙሽራ ሲመጣ አሞኛል ብለው ይመልሱታል፣ ያ ደግሞ ውሸት አይደለም ብለው ትንሽ ፈገግ አሉ። ስለ ጉርሻው ጠየቅኋቸው። ማንንም አጉርሱኝ አላሉም። አንድ ጠዋት ቁራሽ ከእጃቸው አምልጦ ጋቢያቸው ላይ ወደቀ፣ በማግስቱ ውባለም ማጉረስ ጀመሩ፣ በሳምንቱ ሐመልማል ተከተለች። በቤቱ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም።

"ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ስታጎርሰኝ እንዴት ተይ እላታለሁ?" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "አንቺስ አጉርሰሽኝ የለ?"

"አጉርሻለሁ፣ ጋሼ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። እኔ ቶሎ የተገኘሁት የሚያጎርሰኝ ሰው ስለሌለኝ ነው። እርስዎ ግን ብዙ ሰው አለዎት፣ እዚህ ያደረስንዎት እኛ ነን። መስመሩን ይለፉ አይለፉ አላውቅም። ነገ ጠዋት በእጅዎ ይብሉ።"

ማጅራቴ ላይ የቀረውን ሳሙና በግራ እጃቸው፣ በእርጥብ ፎጣ፣ በጥንቃቄ ጠረጉልኝ። ስወጣ ምላጯን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። አንቺ ዘንድ ትቀመጥ አሉ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ከስልሳ ሰባተኛው ቤት በቀር ሌላ ቤት አልከፈትኩም። የእትዬ ውባለም እጅ ገባ፣ ጠቀለለ፣ ተነሳ። አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጉርሻው ወደ ትሪው ተመለሰ። የተጠቀለለ ጉርሻ ተመልሶ ትሪ ላይ ሲቀመጥ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። የሐመልማል እጅም ተነሳ፣ እሱም ተመለሰ። ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አልነካም፤ እዚያ ቤት ምን እንደተባለ ትሪው አይነግረኝም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ አራት ወር ሙሉ ከጠርዙ ያላለፈው እጅ ወደ መሀል መጣ። ለመቁረስ ስድስት ሰከንድ፣ ለመጠቅለል አሥራ አንድ ሰከንድ ወሰደ። ሁለት ጊዜ ወደቀበት፣ በሦስተኛው አነሳ። ሰሌዳዬ ቀይ ሆነ።

ለምርመራው አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ ውባለም ኮሪደሩ ላይ እጄን ጨብጠው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት እያሉ በሹክሹክታ ይደጋግሙ ነበር። እኔም አለሁበት አልኳቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ወረቀቱን ለጋሽ አስናቀ ሰጠች። እሳቸው መነጽራቸውን ፈልገው፣ አጥተው፣ ወረቀቱን ወደ እኔ አሳለፉት። አርባ ሦስት ይላል።

መስመሩ አርባ ነው። በሦስት አልፈውታል ስል እትዬ ውባለም ክፉውን ማለፍ መስሏቸው ጮኹ፣ ሐመልማል በላይ ናቸው እማዬ፣ በላይ ናቸው ብላ አቀፈቻቸው። ጋሽ አስናቀ ኪኒኑን እዚያው፣ በቆሙበት ዋጡ። ሐኪሟ ወደኋላ ስታሰላው በጥር ወር አርባ ስምንት እንደነበሩ ደረሰችበት። አምስቱ የሄዱት እኔ ካጎረስኳቸው ቅዳሜ ወዲህ ነው። ይህን የነገረችኝ ለሥራዬ ይጠቅማል ብላ ነው፣ ጥፋት የለባትም።

እያንዳንዱ ዘግይቶ የተገኘ ሰው ቅጽ ይሞላለታል። የዘገየበት ምክንያት የሚል ቦታ አለው፤ ፍርሃት፣ ርቀት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን መረጥኩ፣ ከፊቱ "አጎረስናቸው" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ይህ ምን ማለት ነው ብሎ ደወለልኝ። ያገኘሁትን ሁሉ፣ የራሴንም፣ ነገርኩት። ከዚያ አባቱ መስመሩን ካለፉ በኋላ እንደተገኙ፣ እናቱ ማጉረስ ይወዱ እንደነበር ነገረኝ።

በመስከረም መመሪያ ወጣ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ባለበት ቤት ቁርስ ከቀረበ ጀምሮ አሥር ደቂቃ ማጉረስ የለም፣ ሁሉም በየእጁ ይበላል። አሥሩ ደቂቃ ሲሞላ ትሪው ይደውላል። ሰው መጀመሪያ ቀለደበት፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ ከዚያ ለመደው። አሁን በየቤቱ ለአሥር ደቂቃ ዝምታ አለ። ሚስት የባሏን እጅ ታያለች፣ ልጅ የእናቷን እጅ ታያለች፣ ሁሉም እያየ እንዳላየ ይሆናል። በየቤቱ ደወሉ ሲደወል በሰሌዳዬ ላይ የቤቱ እጆች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይነሳሉ። ከደወሉ በኋላ የሚሆነውን አልመዘግብም፣ ግዴታም የለብኝም፣ ግን አያለሁ። በእኔ ቤትም ትሪው እንደሌሎቹ ይደውላል፤ አጥፋው ብሎ የሚያዝ ቁልፍ የለውም።

ሦስት ዓመት ሆነ። ጋሽ አስናቀ ወደ ምላጯ አልተመለሱም፣ የሄደው ሄዷል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ምላጯን መልሼ ስሰጣቸው ተቀብለው ለሐመልማል አሳለፏት። አሁን ሙሽራ ሲመጣ ሳሙናውን እሳቸው ይቀባሉ፣ የምትላጨው ፊኛ ላይ ስትለማመድ የከረመችው ሐመልማል ናት። ሽማግሌዎች ሴት ሙሽራ ላጨች ብለው አንድ ሁለት ወር አጉረመረሙ፣ ከዚያ የራሳቸውን ልጆች ላኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርስ የምበላው እነሱ ቤት ነው። አሥሩን ደቂቃ አራታችንም በየፊታችን፣ በየእጃችን እንበላለን፤ ጋሽ አስናቀ ሲወድቅባቸው ማንም አያነሳላቸውም። ባለፈው ቅዳሜ የዓመቱ ወረቀታቸው ደርሶ ነበር። ደወሉ እንደተደወለ እትዬ ውባለም እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ጋሽ አስናቀ ቆይ አሏቸው። በቀኝ እጃቸው ቆረሱ። ጠቀለሉ፣ ጊዜ ወሰደ። ትሪውን አሻግረው ወደ እኔ አነሱት፤ ጉርሻው እየተንቀጠቀጠ መጣ፣ እኩሌታው መንገድ ላይ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ።

"ዘንድሮም አርባ ሦስት ነው" አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ።